ጨረታው «ክክ» ይላል፤ የቱ ክክ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኤሌክትሮኒክ ጨረታ የምታወጡትን ሁሉ እከታተላለሁ። ፖስታ አሽጎ ሣጥን ውስጥ መክተት ቀርቶ፣ ሰነድ ለመግዛት ከጎጃም አዲስ አበባ መመላለስ ቀርቶ፣ ሁሉም በኮምፒውተር እየሆነ ነው የሚለው ዜና ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ፣ ደጀን ላይ ነግቶልኝ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ ስደርስ ሣጥኑ ታሽጎ የጠበቀኝ ቀን አለ። ያ ዘመን ይመለስ አልልም። ብዕር ያነሣሁት በዚህ ሁሉ ዜና ውስጥ ሲነሣ ያላየሁት ጥያቄ ስላለ ነው። ኮምፒውተሩ የገዢውን ጥያቄና የሻጩን ማቅረቢያ ሲያገናኝ የሚያገናኘው ቃሉን ነው ወይስ ዕቃውን?

ሥራዬን ልናገር። አባቴ ቢቸና ላይ የእህል መጋዘን አላቸው። ጤፍ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ ከገበሬው እየሰበሰብን ብዙ ሰው ለሚመግቡ ተቋማት በጨረታ እናቀርባለን። እኔ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሬ ተመረቅሁ፤ ሥራ ስፈልግ ቆየሁና በመጨረሻ የአባቴ የጨረታ ሰነድ አዘጋጅ ሆንሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። መጋዘኑንም ኮምፒውተሩንም አውቃለሁ ብል ከልክ ያለፍሁ አይመስለኝም።

አምና አንድ ተቋም «ክክ፣ 40 ኩንታል» ብሎ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ጨረታ አወጣ። እኔም በቅጹ ላይ «የአተር ክክ፣ የተለቀመ፣ የዘንድሮ ምርት» ብዬ ሞላሁ። አባቴ ዋጋውን ሦስት ጊዜ አሰሉት፤ ከዚያ በታች ብንወርድ ለጫኝና አውራጁ እንኳ የሚተርፍ አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ ለዋጋ ውድድርም አልደረስንም። የተጻፈው ምክንያት አንድ መስመር ነው፦ «የቀረበው ዕቃ ከተጠየቀው ዕቃ ጋር አይዛመድም።» ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ልጅ ትሑት ነው፤ ፋይሉን ከፍቶ አየልኝና «እህቴ፣ እኛ አይደለንም የጣልናችሁ፤ ሲስተሙ ነው» አለኝ። ዝርዝሩ ላይ «ክክ» የሚል ብቻ ነበር። «የአተር ክክ» የሚል አልነበረም።

በዚያው ተቋም የጤፉን ጨረታ አሸንፈን ስለነበር ጤፋችን የተራገፈው የሌላው ነጋዴ ክክ በገባበት ዕለት ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጆንያው እንደተፈታ አንድ እፍኝ ዘገኑና ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። በመዳፋቸው ዘርግተው በአውራ ጣታቸው አገላበጡት። ክብ ክቡን ወደ አንድ ወገን፣ ጠርዙ ሾል ያለውን ወደ ሌላው ወገን ገፋ ገፋ አደረጉት። ከሾለው አንዷን በፊት ጥርሳቸው ሰበሩና ተፍተው «ይኸ እኮ ጓያ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች በየቀኑ ይኸን ላብላቸው?» አሉ። ከእፍኙ ግማሹ ጓያ ነበር።

ነጋዴውን አልወቅስም። ክክ ተባለ፣ ክክ አቀረበ። የጓያ ክክ ክክ አይደለም የሚል ሰው የለም፤ የገዢው ቃልና የሻጩ ቃል ፊደል ከፊደል ገጠመ፣ ኮምፒውተሩም አለፈው። ጓያ ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሌላው አንባቢ ግን ይወቀው። አልፎ አልፎ ቢበላ የከፋ ነገር የለውም። ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው ግን እግሩ ይሽመደመዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። የተሰጠውን ከመብላት ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው የሚመገብበት ወጥ ቤት ውስጥ «ክክ» የሚለው ቃል ብቻውን መግባት የለበትም።

ይኸን ነገር ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ሁሉም «ሲስተሙ ስሕተት ሠራ» ብሎ ያልፈዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ስሕተቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም በየፊናቸው ናቸው። አንደኛው የእኛ መውደቅ ነው። የአተር ክክ የክክ ዓይነት ነው፤ ክክ የጠየቀ ሰው አተር ክክ ቢመጣለት የጠየቀውን አግኝቷል። ይኸን ዝምድና ኮምፒውተሩ አላወቀም። ሁለተኛው የጓያው ማለፍ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ገዢው በልቡ ያሰበው አተር ነበረ፣ በወረቀቱ ግን ክክ ብሎ ጻፈ፤ «የቱን ክክ?» ብሎ የጠየቀውም የለም።

ለሁለቱም መድኃኒት የሚሆነው ኮምፒውተር ስማር ያገኘሁት፣ ያኔ ግን ለፈተና ብቻ ያጠናሁት ትምህርት ነው። ኦንቶሎጂ ይባላል፤ የነገሮችን ዓይነትና ዝምድና ኮምፒውተር በሚገባው መንገድ የሚያሰፍር መዝገብ ነው። ስሙ ከግሪክ ፍልስፍና የመጣ ስለሆነ ያስፈራል። አሳቡ ግን ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። አባቴ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። የግእዝ ግስ ተማሪ እያንዳንዱን ግስ ከነእርባታው አይሸመድድም፤ አይችለውምም። ግሱ የቀተለ ቤት ነው ወይስ የቀደሰ ቤት ብሎ ቤቱን ያውቃል። ቤቱ ከታወቀ አረባቡ ታወቀ፤ ለቤቱ አርእስት የተባለው ለተከታዮቹ ሁሉ ይሠራል። ስለ ኦንቶሎጂ የነገርኋቸው ቀን አባቴ «ታዲያ ይኸ ለእህል ቤት መስጠት ነው እንጂ ምኑ አዲስ ነው?» አሉኝ። ከመምህሮቼ አንዱም እንዲህ አጥርቶ አልነገረኝም።

ለእህል ቤት ሲሰጥ እንዲህ ነው። አተር፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ጓያ የጥራጥሬ ቤት ናቸው። ክክ የሚባለው ከእነዚህ ከአንዱ ተፈጭቶ ሳይልም ለሁለት ተከፍሎ የተገኘ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክክ «ከምን?» የሚል ጥያቄ ተሸክሞ ይዞራል፤ መልሱም ከተጻፉት ጥራጥሬዎች አንዱ መሆን አለበት። አተር ጓያ አይደለም፣ ጓያም አተር አይደለም፤ ይኸም በግልጽ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ካልነገሩት አንዱ እህል ሌላውን ሊሆን አይችልም ብሎ በራሱ አይገምትም። እነዚህ ጥቂት መስመሮች ተጽፈው ቢሆን ኖሮ የእኛ ማቅረቢያ አይወድቅም ነበር። ገዢውም «ክክ» ብሎ ሲጽፍ እዚያው ቅጹ ላይ «ከምን የተከካ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

ሰው ይኸን ሕልም ሊለው ስለሚችል ከየት እንደመጣ ልናገር። ቶም ግሩበር የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ኦንቶሎጂን የምናስበውን ነገር በግልጽ መጻፍ ነው በሚል አሳብ ተረጎመው። የድር ደንቦችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮንሶርቲየም፣ ደብሊው ሦስት ሲ፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ ለመጻፍ የሚያገለግለውን ኦውል የተባለ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2004 አጸደቀ፤ የተሻሻለው በ2009 ወጣ። ለንግድ ደግሞ ማርቲን ሄፕ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ጉድ ሪሌሽንስ የተባለውን መዝገብ አቀረበ፤ ይኸም በ2012 የፍለጋ ድርጅቶቹ በጋራ ወደሚጠቀሙበት ስኪማ ዶት ኦርግ ገባ። ከሄፕ ሥራ እኔን የማረከኝ ዕቃውንና ማቅረቢያውን መለየቱ ነው። የአተር ክክ አንድ ነገር ነው። «ይኸን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ዋጋ፣ እዚህ ድረስ አድርሼ፣ እስከዚህ ቀን» ማለት ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንሞላው ቅጽ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚሰፋቸው «መጓጓዣን ጨምሮ» የሚለውን የዕቃው መግለጫ ውስጥ እየጻፍሁ ኖሬያለሁ። ፊደል የሚቆጥር ማሽን ይኸን ሲያይ «መጓጓዣን ጨምሮ» የተባለ ክክ ያለ ይመስለዋል።

ስለ ጥያቄውና ስለ ማቅረቢያው መግጠም ደግሞ። አሁን የማየው «ገጠመ» ወይም «አልገጠመ» ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ማሲሞ ፓኦሉቺና ባልደረቦቹ መግጠምን በአራት ደረጃ የሚከፍል ሥራ አሳትመው ነበር፤ ልክ የገጠመ፣ በሁለት አቅጣጫ አንዱ ሌላውን የሚያቅፍ፣ ጨርሶ የማይገጥም። እነሱ የሠሩት ለድር አገልግሎቶች ነው፤ በእኛ ጤፍ ላይ ብናስቀምጠው ግን እንዲህ ይሆናል። ገዢ ነጭ ጤፍ ጠይቆ ሻጭ ማኛ ቢያቀርብ የተጠየቀው ተሟልቷል፤ ይለፍ። ገዢ ማኛ ጠይቆ ሻጭ «ነጭ ጤፍ» ብቻ ቢል ምናልባት ነው፤ መጣል የለበትም፣ መጠየቅ አለበት። ገዢ ማኛ ጠይቆ ሰርገኛ ቢመጣ አይሆንም። የቢቸና ገበያ ላይ ያለ ማንም ሴት ይኸን ሦስት መልስ በአንድ ትንፋሽ ትሰጣለች።

ማኛን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ያስቸገረኝ ቃል እሱ ነው። በገበያችን ማኛ ማለት ከነጭ ጤፍ ሁሉ የነጣው፣ የጠራው ነው፤ የደረጃ ስም ነው። በምርምር ማእከል መዝገብ ግን ማኛ የአንድ ዝርያ ስም ነው፤ ቁጥሩም ዲዜድ-01-196 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ማኛን ዱከም ከተባለው ዝርያ ጋር አዳቅለው ያወጡት ነው። አሁን አንድ ገበሬ ከመረሬ መሬቱ ያገኘውን ፍጹም ነጭ ቁንጮ ይዞልን ይመጣል። እኛ ገበያው በሚለው «ማኛ» ብለን እንገዛዋለን። ጨረታው «ማኛ» ሲል ዝርያውን ነው ወይስ ደረጃውን? ዝርያውን ከሆነ እኔ ባላውቀውም ዋሽቻለሁ። ደረጃውን ከሆነ ልክ ነኝ። በኦንቶሎጂ ዝርያው አንድ መስመር፣ ቀለሙ አንድ መስመር፣ ደረጃው አንድ መስመር፣ የበቀለበት ቦታ ሌላ መስመር ይሆናል፤ አንዱ ባይታወቅ ሌላውን አያበላሽም።

በርበሬም እንዲሁ ነው። ከቡሬና ከወንበርማ የሚመጣው ዛላው ነው። «በርበሬ፣ 15 ኩንታል» የሚል ጨረታ ግን ዛላ ይሁን፣ የተቀነጠሰ ይሁን፣ ቅመም ገብቶበት የተፈጨ ይሁን አይናገርም፤ የአንዱ ዋጋ ከሌላው ጋር አይወዳደርም። «ማዳበሪያ 500» የሚል ዝርዝርም አይቻለሁ። ለመሬት የሚሆነውን ነው ወይስ እህል የምንከትበትን ባዶ ከረጢት? ሁለቱንም ማዳበሪያ ነው የምንለው።

እዚህ ላይ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ለሁሉም ዕቃ የቁጥር ኮድ እንሰጣለን፤ በቃ» ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሸቀጥና የአገልግሎት ኮድ ስምንት አኃዝ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል። ጥሩ ነገር ነው፤ የአጻጻፍን ጣጣ በአንድ ጊዜ ይገላግላል። «ሽንብራ» ብዬ ብጽፍ «ሽምብራ» ብጽፍ፣ «አተር» ብል «ዐተር» ብል ኮዱ አንድ ነው። ግን ኮድ ዛፍ ነው፤ አንድ ቅጠል በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይቀመጣል። የእኔ ጤፍ በቀለሙ አንድ ቦታ፣ በዝርያው ሌላ ቦታ፣ በንጽሕናው ሌላ ቦታ መቆም ይፈልጋል። ደግሞም ኮድ ኩንታል መቶ ኪሎ መሆኑን፣ በ50 ኪሎ ከረጢት ያቀረብሁት 80 ከረጢት 40 ኩንታል መሆኑን አያውቅም።

ነገሩ በአገራችን የማይቻል አለመሆኑንም ልጨምር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ቡሬ ባለው መጋዘን የገባ በቆሎ ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ገዢ እህሉን በዓይኑ ሳያይ በደረጃው አምኖ ይገዛል። ይኸ ሊሆን የቻለው «አንደኛ ደረጃ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ቀድሞ ስለተጻፈ፣ ገዢም ሻጭም ያንኑ ጽሑፍ ስለሚያነብ ነው። የተቋማት ጨረታ ከዚያ የሚከብደው የዕቃው ዓይነት ብዙ ስለሆነና እያንዳንዱ ገዢ በራሱ አፍ ስለሚጽፍ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው። ሳልጽፍ የቀረሁት ነገር የለኝም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ የእርጥበት መጠኑን ሳልሞላ ቀርቼ «መስፈርቱን አያሟላም» ተባልሁ። እህሉ ደረቅ ነበር፤ የመለኪያ መሣሪያ ስላልነበረን ነው ቁጥሩን ያልጻፍሁት። ኦውል የተሠራበት አመክንዮ ያልተነገረን ነገር «የለም» ብሎ አይፈርድም፤ «አይታወቅም» ይላል። «አይታወቅም» ለሚለው መልሱ ጥያቄ ነው። በጨረታው ደንብ ውስጥ ሻጩ ግልጽ እንዲያደርግ የሚጠየቅበት ቀን ቢቆረጥ፣ ትንሹ ነጋዴ በቅጹ ላይ ባዶ በቀረ ሣጥን ምክንያት አይወድቅም። ዋጋውን እንዲቀይር አልልም፤ የጎደለውን እንዲሞላ ነው።

«አሁን እኮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ እሱ ራሱ ይገምተዋል» የሚሉኝ አብረውኝ የተማሩ ጓደኞቼ ናቸው። ይገምት ይሆናል፤ «የአተር ክክ» እና «ክክ» መቀራረባቸውን ያያል። የአተር ክክና የጓያ ክክ መቀራረባቸውንም ያያል፤ አደጋው እሱ ነው። ደግሞም ጨረታ የወደቀ ሰው ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው። ቅሬታዬን የምጽፈው በምን ላይ ነው? ኦንቶሎጂ ላይ የቆመ ሥርዓት ምክንያቱን መስመር በመስመር ሊያወጣልኝ ይችላል፤ «የተጠየቀው ክክ ነው፤ የቀረበው የአተር ክክ ነው፤ የአተር ክክ የክክ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ይገባል» ይላል። ከመስመሮቹ አንዱ ስሕተት ከሆነ ጣቴን በእሱ ላይ አሳርፌ «ይኸ ልክ አይደለም» እላለሁ። ግምት ላይ ጣት አይቀመጥም።

እንግዲህ የምለምነው ይኸን ነው። የኤሌክትሮኒክ ጨረታውን የሚሠሩትና የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከቅጹና ከይለፍ ቃሉ በፊት ለዕቃዎቹ የጋራ መዝገብ ያስጽፉ። በአማርኛ ይሁን፤ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይሁን። ለሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ አይቻልም፤ ተቋማት በየዓመቱ ከሚገዙት ምግብ ይጀመር። በዝግ ክፍል አይጻፍ። የዕቃን ትርጉም የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ሊጽፍ ይችላልና መዝገቡ ለሁሉም ይከፈት፤ ማን ምን እንደቀየረ ይታይ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም፣ ይኸን ለተማሪ የመመረቂያ ሥራ ቢሰጡት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ወረቀት ይሻላል። ከተማሪዎቹ ጋር ደግሞ የሚቀመጡ የእህል ሴቶችና የወጥ ቤት ሴቶች ይኑሩ። ያቺን ጠርዘ ሹል ቅንጣት በአውራ ጣታቸው የለዩት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ «የጓያ ክክ ጠርዝ አለው፣ የአተር ክክ የለውም» የሚለው እውቀታቸው በመዝገቡ ውስጥ አንድ መስመር መሆን ይገባዋል።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። ማታ ማታ መጋዘኑ ሲዘጋ፣ ከአባቴና እህል ከሚያመጡልን ሴቶች ጋር ቁጭ እያልን በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ እየጻፍን ነው፤ የቃሉን ስም፣ ቤቱን፣ ሌላ ስም ካለው ሌላውን ስም፣ ከምን ጋር መምታታት እንደሌለበት። በቆሎን የባሕር ማሽላ የሚሉ ስላሉ ሁለቱን «አንድ ናቸው» ብለን ጽፈናል። ጤፍና ጥራጥሬው ሊያልቅ ነው። አደንጓሬ ላይ ግን ቆመናል። አንዲት ነጋዴ «ቦሎቄ ማለት እኮ ነው» ይላሉ፤ ሌላዋ «የለም፣ አደንጓሬ ቀዩ ብቻ ነው» ብለው ከአንዱ ኬሻ ነጩን፣ ከሌላው ቀዩን አፍሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልን። ሁለቱም ሠላሳ ዓመት የሸጡ ናቸው። ያ ገጽ እስካሁን ባዶ ነው። መዝገቡን ለመጻፍ የሚነሣ አካል ካለ የደብተሩን ቅጂ በነጻ እልክለታለሁ። በየአካባቢያችሁ አደንጓሬና ቦሎቄ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? የምታውቁ አንባቢዎች በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእህል መጋዘን የጨረታ ሰነድ አዘጋጅ
ቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም